በስሟ

22ን ለሁለት ማካፈል የአንደኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ጀርመናዊቷ ስቴፊ ግራፍ በነጠላ ጨዋታ ያነሣቻቸው የግራንድ ስላም ዋንጫዎች 22 ናቸው፤ 11ዱ ከኤፕሪል 30 ቀን 1993 በፊት የተገኙ፣ 11ዱ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጡ። (ቀንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእነሱ ሂሳብ በእነሱ ይቆጠር።) ሆን ብሎ የሚያካፍል ዳኛ ቢቀመጥ እንኳ እንዲህ እኩል አይገመስለትም ነበር።

በዚያ ቀን ሃምቡርግ ላይ ሞኒካ ሴሌስ ከቡልጋሪያዊቷ ማግዳሌና ማሌዬቫ ጋር የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ ይዛለች። ሜዳ ለመቀያየር ዕረፍት ሲሆን ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው ወርዶ በአጥሩ ላይ ተንጠራራና ጀርባዋን በቢላ ወጋት። ዕድሜዋ 19 ነው። የዓለም ቁጥር 1 ናት፤ 8 ግራንድ ስላም እጇ ገብቷል። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም፣ በሳምንታት ውስጥ ጠገገ፤ እሷ ግን ወደ ውድድር የተመለሰችው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ወጊው ጉንተር ፓርሼ ከሴሌስ ጋር የግል ቂም አልነበረውም። የግራፍ አድናቂ ነበር። ምክንያቱም አጭር ነው፤ ግራፍ እንደገና ቁጥር 1 እንድትሆንለት ፈልጎ። ሆነች። በዚያው ዓመት ፓሪስን፣ ዊምብልደንን፣ ኒውዮርክን ወሰደች፤ በጃንዋሪ 1994 ሜልቦርንን ጨመረች።

ወንጀል ወንጀለኛው እንደተመኘው ሲሳካ፣ ያውም ምኞቱ ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ሰው ሲሆን፣ ያ ሌላ ሰው ምን ይባላል? ተባባሪ አይደለችም። ተጠቃሚ ናት ማለት ያስነውራል፤ አይደለችም እንዳይባል ሂሳቡ አለ።

ይህን የማሰላስለው ኢሉባቦር፣ መቱ ተቀምጬ ነው። ከተማችን ለሜዳ ቴኒስ ባዳ ናት፤ መንገድ ዳር ከጆተኒና ከከረንቡላ አጠገብ የሚቆመው የጠረጴዛው ቴኒስ ነው፣ እሱም ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይለብሳል። ግራፍ በ1988 አራቱንም ግራንድ ስላምና የሴኡልን የኦሎምፒክ ወርቅ በአንድ ዓመት ጠራርጋ ስትወስድ ኢትዮጵያ ሴኡል አልተገኘችም፤ ከሰሜን ኮሪያና ከኩባ ጋር ወግና ቀርታ ነበር። ስለዚህ ይህች ሴት የእኛ ትዝታ አይደለችም። ወደ እሷ የወሰደኝ ሌላ ነገር ነው፤ ኢሉባቦር ስም ባለቤቱ በሌለበት ሥራ ሲሠራ ደጋግማ ያየች አገር ናት።

ስለ ጨዋታዋ አንድ ነገር ሳልል ወደ ነገሬ ብሮጥ ግን ግፍ ይሆናል። አባቷ ፒተር ግራፍ ራኬት ያስጨበጣት ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ ሳሎን ውስጥ ነው። በ13 ዓመቷ ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ተሰለፈች። በግራዋ የሚመጣላትን ኳስ እግሯ ቀድሞ እየዞረላት በቀኝ ፎርሃንዷ ትገጨዋለች፤ ኳሱ አለፋት ሲባል፣ ከሌሎቹ ዘግይታ፣ ከጎኗ ላይ። በነጥብና በነጥብ መካከል ጊዜ አታጠፋም። ተጋጣሚዋ ላቧን ጠርጋ ሳትጨርስ እሷ መስመሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በ1988 የፓሪስ ፍጻሜ ናታሻ ዝቬሬቫን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 የረታችው ከ35 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው፤ እኛ ሰፈር ቡና ከአቦል እስከ በረካ ከዚያ ይበልጥ ይፈጃል። ይህን የማነሣው ያለ ፓርሼም ታላቅ እንደነበረች ለመመስከር ነው። ቢላው ያመጣላት ችሎታ የለም። ያመጣላት ክፍት ቦታ ነው።

አገራችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር የታወቀ ሥርዓት ነበራት። ፎካሪ ሲፎክር የራሱን ስም ብቻ አይጠራም፤ «የእገሌ አሽከር!» ብሎ የጌታውን ስም ይጨምራል። ገድሎ ሲመለስም ግዳዩን ከጌታው ፊት ይጥላል፣ ጌታውም ይሸልመዋል። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ ማስመሰል ግን አልነበረበትም። ጌታው ስሙ በምን እንደዋለ ያውቃል፤ ግዳዩን ሲቀበል ደሙንም ተቀብሏል፣ ነገ የሟች ወገን ቢነሣበት የምን ነገር ነው ማለት አይችልም። ፓርሼ ማንም ያልቀጠረው አሽከር ነበር። ስሟን ይዞ ወጣ፣ በስሟ ወጋ፣ ግዳዩንም እግሯ ሥር ጣለው።

አልቀበልም ብትልስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ለሷ ክብር ሲል አንድ መውጫ ያዘጋጅላታል፤ ጥቂት ወራት ማረፍ ነበረባት፣ ቦታውን ባዶ መተው ነበረባት ይላል። አይዋጥልኝም። በ1993 የዊምብልደን ፍጻሜ ማዶ የቆመችው ያና ኖቮትና ናት። ኖቮትና በመጨረሻው ዙር 4 ለ 1 እየመራች ነበር፤ ከዚያ እጇ ከዳት፣ ተሸነፈች፣ በሽልማቱ ሰዓት የኬንት ዱቼስ ትከሻ ላይ አለቀሰች። ግራፍ ለሴሌስ ብላ ያን ቀን እጇን ብትሰጥ ኖቮትናን ምን ልታደርጋት ነው? በምጽዋት ያገኘችውን ዋንጫ ይዛ ቤቷ የምትሄድ ሴት ሌላ የተበደለች ሴት ናት። ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው የሚከፈለው አክብሮት በሙሉ ኃይል መግጠም ነው። ስለዚህ ግራፍ በትክክል መጫወቷ ራሱ የፓርሼን ምኞት መፈጸሚያ ሆነ። ጥፋት ሳይኖር እንዲህ መጠመድ አለ፤ የሥነ ምግባር ትምህርት ግን ሰውን ጥፋተኛና ንጹሕ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ስለሚጀምር ለዚህ ክፍል አላበጀለትም።

ይህ ክፍል በአካባቢያችን ኦሮሞ ዘንድ አለ። ደም ሲፈስ ነገሩ በገዳይና በሟች አያልቅም፤ ጉማ፣ የደም ካሣው ሥርዓት፣ ይመጣል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። የገዳይ ወገን፣ ቢላውን ያልነካው፣ በቦታው ያልነበረው፣ ምናልባትም ከገዳዩ ጋር ለዓመታት የተኳረፈው አጎትና የአጎት ልጅ ሁሉ፣ አዋጥቶ ይከፍላል። «እኔ ምን አደረግሁ?» አይልም፤ ምንም አለማድረጉን ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። የሚከፍለው ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። ስሙ በሰርግም በለቅሶም ሲያስከብረው ኖሯል፤ ዛሬ ያስከፍለዋል። የዘመኑ ሕግ ወንጀል የግል ነው ይላል፤ ሕግነቱ ይህ ነውና ልክ ነው። ቂመኛ ወገን የገዳይን ወንድም ፈልጎ እንዳይገድል የሚያደርገውም ይኸው መርህ ነው። ሃምቡርግ ግን የሕጉን ጉድለት አሳየች። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን ብቻ ተመለከተ፤ የሁለት ዓመት እስራት ፈርዶ በገደብ ለቀቀው። ሴሌስ ከዚያ በኋላ ጀርመን ውስጥ ተጫውታ አታውቅም። በደሉ የተፈጸመበትን ስም የጠየቀው፣ ባለስሟንም «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪና የዚችን ልጅ ቤተሰብ አነጋግሪ» ያላት ሽማግሌ አልነበረም። ግራፍ ራሷ ሆስፒታል ሄዳ ሴሌስን ጠየቀቻት፤ ያ ነው የሆነው።

አድናቂ ዘመድ ነው እንዴ? ብሎ የሚቆጣኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ግን ዘመድንስ ማን መረጠ? ኮከብ አድናቂውን አይመርጥም፣ ሰውም አጎቱን አይመርጥም፤ ሁለቱም በስምህ ይምላሉ፣ በስምህ ይጣላሉ። ልዩነቱ አጎት ሲያጠፋ የሚሰበሰብ ሸንጎ መኖሩ ነው። አድናቂ የዘመናችን ትልቁ ጎሣ ሆኖ ሳለ ሽማግሌ የለውም።

ግራፍ የሥጋ ዘመዱንም መከራ አላጣችም። አባቷ እሷ ባገኘችው ገንዘብ ላይ ግብር ደብቀሃል ተብሎ በጃንዋሪ 1997 ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ተፈረደበት። እሷ አልተከሰሰችም። በዚህኛውም በስሟ ተሠርቶ ነበር።

ለጉማ የሚቀርብ አንድ ነገር የማየው በኦገስት 1995 ነው። ሴሌስ ስትመለስ የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ከግራፍ ጋር እኩል ቁጥር 1 አድርጎ አስቀመጣት። ግራፍ በቁጥር 1 ተቀምጣ ያሳለፈቻቸው 377 ሳምንታት እየተባሉ በሁሉም ቦታ ይጠቀሳሉ፤ ከእነሱ ውስጥ የተወሰኑት ከሴሌስ ጋር በጋራ የተያዙ ናቸው። ግማሽ ዙፋን። በወሩ ኒውዮርክ ላይ በፍጻሜው ተገናኙ። ግራፍ የመጀመሪያውን ዙር 7 ለ 6 ወሰደች፣ ሁለተኛውን ሴሌስ 6 ለ 0 ጨፈለቀችው፣ ሦስተኛው 6 ለ 3 ለግራፍ ሆነ። በዓመቱም እዚያው ደገመቻት። እንግዲህ ከኋለኞቹ 11 ዋንጫዎች ሁለቱ ራሷን ሴሌስን በፍጻሜ አሸንፋ የወሰደቻቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ሂሳቡን ላስተካክል ብዬ አይደለም። የተወጋችውና ያልተወጋችው ሴሌስ አንድ አይደሉምና ሂሳቡ አይስተካከልም።

ደግሞ ስለ ቀሩ ሰዎች ብዙ ማውራት ወዴት እንደሚያደርስ እኛ ኢትዮጵያውያን ማወቅ አለብን። በ1976 የአፍሪካ አገሮች በኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ተቆጥተው ሞንትሪያልን ረግጠው ወጡ። ምሩጽ ይፍጠር አልሮጠም፤ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። እኛም «ምሩጽ ቢኖር!» ስንል አራት ዓመት ከረምን። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ሁለቱንም ወሰደ፣ ቪረን በ10,000 5ኛ ወጣ፣ ልባችን ረጋ። የዚያን ጊዜ አሜሪካና ምዕራብ ጀርመን መቅረታቸውን ግን ከመካከላችን ጮክ ብሎ ያነሣ ሰው አልሰማሁም። «ቢኖር» የምንላት ለራሳችን ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ሌላም የማልወደው ወሬ አለ። በያዩ ጫካ ሥር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ራኬት ቢሰጠው ማን ያውቃል፣ ኮከብ ይሆን ነበር የሚለው። ደስ ይላል፤ ባዶ ነው። መንግሥቱ የከለከለው ሯጭ አለ፣ ሜዳውን ያላየ ልጅ አለ፣ ከወንበሯ ላይ የተወጋች ሴት አለች፤ ሦስቱን ሁሉ «የቀሩ» ብሎ መጠቅለል ሴሌስን መበደል ነው። ልጁ ያጣው የሚጠየቅበት ሌላ ቦታ አለ፤ ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ የቡና ዋጋው። ከሴሌስ ላይ የተወሰደው ደግሞ በእጇ የያዘችው ነበር፤ የተወሰደውም በሌላ ሰው ስም ነው።

በስም ስለሚሠራ ሥራ ከጎሬ በላይ የሚመሰክር ከተማ አላውቅም። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብላ፣ ዳገቱ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በሜይ 1936 መጀመሪያ አገር ለቀው ሲወጡ፣ አዲስ አበባም ስትያዝ፣ የቀረው መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ሆነ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ወደዚያ መጡ። የእንግሊዝ ቆንስላ እዚያ ነበር። ቡናው በጋምቤላ በኩል፣ በባሮ ወንዝ፣ ወደ ሱዳን የሚወጣባት የነጋዴ ከተማ ነበረች። በሌላ አህጉር ባለ ንጉሥ ስም ደብዳቤ ይጻፋል፣ ትእዛዝ ይወጣል፣ ጦር ይሰበሰባል። ጄኔቫ ላይ ኢትዮጵያ ገና መንግሥት አላት ብሎ ለመሟገት ጎሬ መኖሯ ግድ ነበር። እስከ ኖቬምበር ቆየች፤ ጣሊያን ገባባት፤ ራስ እምሩም በዲሴምበር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። በዚያ ስም የሞቱት ሰዎች የፓርሼ ዓይነት አልነበሩም፣ ንጉሡም እንደ ግራፍ ሳይጠይቅ የተገበረለት አልነበረም። አንድ ነገር ግን ይመሳሰላል። የስም ሥራ ባለስሙ በሌለበት ይብሳል። ጃንሆይ ጎሬ ተቀምጠው ቢሆን ሰዉ ከፊታቸው ቆሞ ይጠይቃቸው ነበር፤ ይህን ላድርግ? ያንን ልተው? በሌሉበት ግን እያንዳንዱ ሹም ስማቸው የሚፈልገውን ራሱ ወሰነ። ገሚሱ ጀግና ሆነ፣ ገሚሱ በዚያው ስም ዘረፈ።

ዛሬ ጎሬ ጡረታ የወጣች ከተማ ናት። አስተዳደሩ ወደ መቱ ወረደ፣ የባሮው ንግድ ከሱዳን ነጻነት ጋር ከሰመ፣ አሮጌዎቹ ቤቶች ቀሩ። ጎሬዎች ስለ ድሮ ሲያወሩ ድምፃቸው ላይ የሚሰማው ኩራት ብዙም አይመቸኝም። ያለፈን ክብር ሲያኖሩት እንደሚሸት የማውቀው ከነሱ ነው (ጎሬዎች ይቅር ይበሉኝ፤ መቱም ተራዋ ይደርሳታል)።

ወደ መቱ ስመለስ ሆስፒታሉ አለ። ካርል ነው የሚባለው። ከሁሩሙ፣ ከአሌ፣ ከዲዱ፣ ከጋምቤላ ሳይቀር የሪፈር ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ባጃጅ ላይ ሲወጣ የሚለው «ካርል» ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ካሉት የጀበና ቡና ቤቶች ባንዱ፣ ጓደኛውን ሊያስታምም የመጣ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ በአነጋገሩ የጎጃም ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ካርል የሚባለው ሐኪም ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ተዋናይ ነበር» አልሁት። የቀለድሁበት መስሎት ሳቀ።

ቡና የምታፈላው ሴትዮ ሲኒ እያለቀለቀች ቀና አለች። «ኢልማ ኮ፣ ሐኪምስ አልነበረም። ሐኪም ያመጣ ነው።»

«ፊልሙን አይተውት ያውቃሉ?» አልኋት።

«የምን ፊልም?»

ካርል የምንለው ካርልሃይንዝ በም በ1928 ጀርመን ዳርምሽታት ተወለደ፤ አባቱ ስመ ጥሩው ኦስትሪያዊ የሙዚቃ መሪ ካርል በም ነው። በ1950ዎቹ «ሲሲ» በሚባሉት ፊልሞች የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ሠርቶ አውሮፓን አንበረከከ። ሜይ 16 ቀን 1981 በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን በሚተላለፍ የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ አንድ ውርርድ አስያዘ፦ ከምትመለከቱኝ ሰዎች ከሦስት አንዱ እንኳ በሳህል ለሚራበው ሕዝብ አንዲት ማርክ አይሰጥም አለ። የውርርዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። በም ያለው ደረሰ። ከሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ፣ ነገር ግን ከሦስት አንዱ አልሞላም። በሂሳቡ አሸናፊው እሱ ነው። በዚያ ምሽት መሸነፍን ከልቡ የፈለገ ሰው እሱ ብቻ ነበርና ድሉ ራሱ ስድብ ሆነበት። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በኖቬምበር «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ሥራውን ከሐረርጌ ጀመረ፤ ኋላም ኢሉባቦር ደረሰ። መቱ ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ አብዲ ቦሪም፣ የነገ ተስፋ፣ ከዚያው ሥራ ነው። ትወናውን ተወ። በ2014 ሲሞት የ86 ዓመት ሰው ነበር።

በም ያልፈለገውን ድል ይዞ ግራፍ ያልቻለችውን ማድረግ ቻለ፤ የተጣለለትን ግዳይ አንሥቶ ወደ ሌላ ነገር ለወጠው። የቻለው ደግሞ ከሷ ስለሚሻል አይመስለኝም። በውርርዱ የተጎዳ ሰው አልነበረም፣ ማዶ የቆመ ተጋጣሚም አልነበረበትም፣ ለማንም ሳይበድል መድረኩን ትቶ መውጣት ይችል ነበር። ለዚህም ነው ስሙ መቱ ላይ ፊልሙን ጥሎ ብቻውን የቆመው። ቡና አፍዪዋ ስለ ፍራንዝ ዮሴፍ መስማት አላስፈለጋትም። ተማሪው ግን አልተወኝም፤ «ታዲያ ቴኒሷስ?» አለኝ፣ አስቀድሜ ስለሷ ሳወራለት ነበርና። ሲኒው ቀዝቅዞብኝ ስለነበር ያኔ በቅጡ አልመለስሁለትም።

የአገሯን ልጅ ቦሪስ ቤከርን ማንሣት ለተማሪው ቀላሉ መልስ ይሆን ነበር። በ1985 በ17 ዓመቱ ዊምብልደንን የወሰደው፣ ኋላ በኪሳራ ታውጆበት ማስታወሻዎቹና ዋንጫዎቹ በ2019 ለሐራጅ የቀረቡበት፣ በ2022 ንብረት ደብቀሃል ተብሎ ለንደን ላይ የታሰረው። ስምን እንደ ሸቀጥ መያዝ እዚያ ያደርሳል ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ብዙም አያስተምርም። ይልቅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ይሻለኛል። በኖቬምበር 2010 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱ ይዞት አቋረጠ፣ እንባ እየተናነቀው በቃኝ አለ፣ በቀናት ውስጥም ቃሉን አጠፈ። ስንብቱ የሆነው በሜይ 2015 ማንችስተር ላይ ነው። ብዙዎች በድክመት ቆጠሩበት። እኔ በስሙ የሚሮጥ ሕዝብ ያለው ሰው «በቃኝ» የሚለው ቃል የብቻው አለመሆኑን ነው የማይበት።

ግራፍ በ1998 ከጦርነትና ከስደት የተረፉ፣ አእምሯቸው የቆሰለ ሕፃናትን የሚያክም ድርጅት አቋቋመች። በእንግሊዝኛ ያወጣችለት ስም ልጆች ለነገ ማለት ነው፤ የራሷ ስም የለበትም። መቀመጫው ሃምቡርግ ነው። ሁለቱን ሃምቡርጎች የሚያገናኝ ኑዛዜ ከአፏ አልወጣም፣ እኔም አልፈጥርላትም።

በጁን 1999 ፓሪስ ገባች። ጉልበቷ ተቀድዶ ተሰፍቷል፣ 30 ዓመት ሊሞላት ቀናት ቀርተውታል፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ለተቃረበ ጊዜ ግራንድ ስላም አላነሣችም። በግማሽ ፍጻሜው ማዶ የቆመችው ሴሌስ ናት፤ በሦስት ዙር አሸነፈቻት። በፍጻሜው የ18 ዓመቷ ማርቲና ሂንጊስ ገጠመቻት። ሂንጊስ አንድ ዙር ወስዳ እየመራች ሳለ ኳስ ወጥቷል ተባለባት። መረቡን ዞራ በግራፍ በኩል ያለውን ምልክት ልታይ ሄደች፤ ሕግ ነውና ነጥብ ተቀጣች። ከዚያ ወዲያ ሜዳው የሂንጊስ ጠላት ሆነ። ሺህ ሰው ልጅቷ ላይ እየጮኸ፣ እያፏጨ፣ በመካከሉ «ስቴፊ! ስቴፊ!» ይላል። ግራፍ ዳኛዋን ቴኒስ ብቻ መጫወት አንችልም ወይ ብላ ጠየቀች። ሂንጊስ ድሉ በሦስት ነጥብ ርቀት ላይ እያለ እጇ ተሳሰረ፣ መጨረሻ ላይ ጭንቋ ጠንቶ ሰርቩን ከታች ለጋች፣ ተሸነፈች፣ እያለቀሰች ወጣች፤ ለሽልማቱ እናቷ ይዛ መለሰቻት። ውጤቱ 4 ለ 6፣ 7 ለ 5፣ 6 ለ 2። 22ኛው ዋንጫ ይህ ነው። ማንም አልተወጋም፣ ሕዝቡም እሷን ወድዶ ነው፤ ነገር ግን ለመጨረሻ ጊዜ አንዲት ልጅ በስሟ ተመታች።

ከዚያ በዊምብልደን ፍጻሜ ለሊንድሴ ዳቬንፖርት ተሸነፈች። ኦገስት 13 ቀን፣ በዓለም 3ኛ ሆና ሳለ፣ አቆምሁ አለች። የሰጠችው ምክንያት ፍላጎቱ አልቆብኛል፣ የሚቀረኝ ግብም የለም የሚል ነው፤ ስለ ስም፣ ስለ አድናቂ፣ ስለ ሃምቡርግ አንድም ነገር አላለችም። እኔ ግን እንዲህ አነበዋለሁ፤ ስም በባለቤቱ ፈቃድ ዝም የሚለው ባለቤቱ ሜዳውን ሲለቅ ብቻ ነው። ስሟ በሰሌዳው ላይ እስካለ ድረስ በስሟ የሚጮኽ ይኖራል፣ ከሚጮኹት መካከልም ማን ምን እንደያዘ አይታወቅም። ለተማሪው መመለስ የነበረብኝ ይህንን ነበር። በም ስሙን ወደ ኢሉባቦር አምጥቶ ለሥራ አሰማራው፤ እሷ የሷን ከሥራ አወጣችው።

በወሩ መጨረሻ የኒውዮርኩ ውድድር ሲጀመር ግራፍ በድልድሉ ውስጥ የለችም። ሂንጊስ እንደገና ፍጻሜ ደረሰች፤ ያሸነፈቻት የ17 ዓመቷ ሴሪና ዊሊያምስ ናት። የሴሪና የመጀመሪያው ግራንድ ስላም ነው፤ በ2017 ሜልቦርን ላይ 23ኛውን ጨምራ ግራፍን አለፈቻት። ያን የ1999 ዋንጫ ግራፍ ስለቀረች ያገኘችው ነው ብሎ የተከራከረባት ሰው የለም።